ጠፍር የለበሰ ጠመንጃ

ኦቦ ባይሳ አንድ ከርከሮ ስተው ሦስት ከተማ አዘጉ። ተጋነነ የሚል ካለ ዲኖን ይጠይቅ።

ነገሩ የሆነው በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ማለቂያ ላይ፣ የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ አገሩን በናጠበት ሰሞን ነው። ኦቦ ባይሳ ከሰበታ በላይ፣ ጫካው ጥግ ባለው ማሳቸው ላይ አንድ ወፍራም ከርከሮ ድንቻቸውን ሲቆፍር በማለዳ አገኙት። አነጣጠሩ፣ ተኮሱ፣ ሳቱ። ከርከሮው ጭራውን እንደ አንቴና አቁሞ ጫካ ገባ። ድምፁ ግን ቁልቁል ወደ ከተማው ወረደ። ዲኖ የብረታ ብረት ሱቁን ከረቸመ፤ ዲኖ ከረቸመ ማለት ደግሞ መንደሩ በሙሉ ከረቸመ ማለት ነው። ሚኒባሶቹ ሰው ሳይሞሉ ወደ አየር ጤና ፈረጠጡ። ወሬው ቡራዩ ሲደርስ «ሰበታ ላይ ተኩስ ተከፈተ» ሆነ፤ ሱቅ ተዘጋ። ሱሉልታ ሲደርስ «ሰበታ ጋየች» ሆነና እዚያም ሱቅ ተዘጋ። ወሬ መቼም እግሩ ረጅም ነው።

የኦቦ ባይሳ ልጅ አቤኒ ቡራዩ እየተመላለሰች የምትሠራ የሕፃናት አስተማሪ ናት። ወሬውን እንደሰማች ስልክ ደወለች።

«አባ! ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ» አሉ ኦቦ ባይሳ እየተነጫነጩ። «ከርከሮውም ደህና ነው።»

ሰው በዚህ ነገር የሳቀው ዋል አደር ብሎ ነው። ጊዜው የሚያስቅ አልነበረም። ልጁን የቀበረ አባት ነበር፤ ልጁ የት እንደታሰረ የማያውቅም ነበር። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ሰው የኦቦ ባይሳን ከርከሮ ሙጥኝ ያለው። ተመስገን፣ አንድ የሚሳቅበት ነገር ተገኘ ተባለ። ኦቦ ኢቲቻ የሚባሉት ጎረቤታቸው መንገድ ላይ ባገኟቸው ቁጥር «ባይሳ፣ ከርከሮው ሰላም ብሎሃል» ይሏቸው ጀመር።

መሳቅ ያቃተው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እውነቱ የሚባል ልጅ።

እውነቱ ከወላይታ መጥቶ ሰበታ ያለ አንድ የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ወጣት ነው። ሥራው መቀጥቀጫ ማሽን ላይ ነው፤ የጋለ ብረት ያስገባል፣ ማሽኑ ዷ ዷ ያደርገዋል፣ ዶማና መጥረቢያ ሆኖ ይወጣል። አቤኒን ይወዳታል። እሷም ትወደዋለች፤ ለዚህ ምስክር አያስፈልግም፣ መንገድ በተዘጋ ቀን ሁሉ ሰበታ መድረሷን የምታሳውቀው ከአባቷ በፊት ለእሱ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ለምኖ ወደ ኦቦ ባይሳ ልኮ ነበር። ኦቦ ባይሳ ሽማግሌዎቹን አበሉ፣ አጠጡ፣ ስለ አዝመራው አጫወቱ፤ ስለ ልጅቷ ግን «እናስበዋለን» ብለው ሸኙ። አዎም አይደለም፣ እምቢም አይደለም። እውነቱ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥቶ ነው የከረመው።

ጠመንጃውስ? ኦቦ ባይሳ በጉልምስናቸው ባሌ ውስጥ ለውጭ አገር አዳኞች ዱካ እየመሩ ኖረዋል። ሲያረጁ፣ አንዱ አዳኝ ጠመንጃውን ፈቃድ አስወጥቶ ትቶላቸው ሄደ። ውድ ጠመንጃ አይደለም። ፋብሪካ ውስጥ እንደ ነገሩ የተሠራ፣ ኪሱ ላልሞላ አዳኝ የሚሸጥ ነው። ሰደፉና የፊት መያዣው ጥቁር ፕላስቲክ፣ አፈሙዙ ደግሞ በማሽን መዶሻ የተቀጠቀጠ። እዚያው ባሌ ሲሞክሩት ግን ያዩትን ሁሉ ይመታ ነበር። ሰበታ ከገባ በኋላ ነው ዓመሉ የተበላሸው።

ይኼ ነገር የተነሳው ዲኖ ሱቅ ውስጥ ነው። ኦቦ ባይሳ ሚስማር ሊገዙ ገብተዋል፤ እውነቱም ለፋብሪካው ብሎን ሊወስድ ቆሟል።

«እኔ ልንገርዎት ኦቦ ባይሳ» አለ ዲኖ፣ ማንም ሳይጠይቀው። «ወላሂ ጥፋቱ የአፈሙዙ ነው። ጥሩ ጠመንጃ አፈሙዙ ተፍቆ፣ ተሰርስሮ ነው የሚሠራው። የእርስዎ ተቀጥቅጦ ነው። የተቀጠቀጠ ብረት ደግሞ ቂም ይይዛል። ቀን ጠብቆ ወደ ጥንቱ ይጠማዘዛል።»

«እኔስ ምን አልኩ!» አሉ ኦቦ ባይሳ። «በማሽን የተቀጠቀጠ ነገር መጨረሻው ይኼው ነው።» ይህን ሲሉ ዓይናቸው እውነቱ ላይ አረፈ። ወይም እንዲያ መሰለው። ቀኑን ሙሉ በማሽን ሲቀጠቅጥ የሚውል ሰው እንዲህ ሲባል ምን ይሰማዋል? ደሙ ፈላ።

«አይደለም!» አለ። «አባባ፣ የአፈሙዙ ጥፋት አይደለም። ልክ ነው፣ ተቀጥቅጦ ነው የተሠራው። ግን ሲቀጠቀጥ ውስጡ ጠንካራ ዘንግ አለ፤ ሊጥ ጣት ላይ እንደሚጠቀለለው ብረቱ ዘንጉ ላይ ይጠቀለላል። በጥይት መሄጃው ላይ ያለው ጠመዝማዛ መስመር ሁሉ ከዘንጉ ይታተምበታል፤ ውስጡ እንደ መስተዋት ነው የሚወጣው። ከዚያ እሳት ገብቶ ቀስ ብሎ ይበርዳል። ቂም ቢኖረው እንኳ እዚያ ይተወዋል። ርካሽ የሆነው ቶሎ ስለሚሠራ ነው እንጂ ስለሚስት አይደለም!»

እውነቱ ያኔ ነው ምን እንዳደረገ የገባው። ልጃቸውን የሚለምናቸውን ሽማግሌ በሰው ፊት ተሟገታቸው። የዛሬ ልጅ ምላሱን ከነከሰ በኋላ ነው ጥርስ እንዳለው የሚያስታውሰው!

ኦቦ ባይሳ ሚስማራቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «አፈሙዙ ካልሆነ እንግዲህ ጥፋቱ የእኔ ዓይን ነው ማለት ነዋ።»

«ኧረ እኔ እንዲያ...»

«እሑድ ና። ጠመንጃውን እየው። እስከዚያ እኔ የተኩስ ፈቃድ እጠይቃለሁ። የጠመንጃው ነገር ሲለይ፣ የሌላውም ነገር ይለያል።»

የሌላው ነገር ምን እንደሆነ ዲኖ እንኳ ገባው። ኦቦ ባይሳ እንደወጡ «አይ አንተ ልጅ» አለው፤ «ለአንድ ቱቦ ብለህ ሚስትህን ልታጣ ነው።»

እሑድ ከአምልኮ በኋላ እውነቱ ተራራውን ወጣ። ኦቦ ባይሳ የሚሊሻ አዛዡን ፈቃድ ሊጠይቁ ወርደው ነበር፤ ያን ሰሞን ያለ ፈቃድ አንድ ጥይት መተኮስ ማለት አገር መበጥበጥ ነው። ጠመንጃውን አቤኒ ከግድግዳው አውርዳ፣ ባዶ መሆኑን አሳይታ ሰጠችው። እናቷ ካረፈች ወዲህ የቤቱ እመቤት እሷ ናት።

ጠመንጃው ያምራል! ኦቦ ባይሳ እንዳለ አልተዉትም። «ጠመንጃ ራቁቱን አይሄድም» ብለው አለበሱት። የበሬ ቆዳ በቀጭኑ ተልትለው፣ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ አፈሙዙን ከፕላስቲኩ መያዣ ጋር አንድ ላይ ጥፍር አድርገው ጠፍረውታል። ስፌቱ ጥርስ በጥርስ የገጠመ ነው። ያየው ሁሉ «እጅዎን ቁርጥማት አይንካው» ብሎ የመረቀው ሥራ ነው።

እውነቱ አንዲት ወረቀት አጥፎ በአፈሙዙና በፕላስቲኩ መካከል ሰደዳት። እንዲህ ዓይነት ጠመንጃ አፈሙዙ ከሥሩ ብቻ ተይዞ ወደ ፊት ሲሄድ ምንም ሊነካው አይገባም፤ ሲተኮስ እንደ ተመታ ብረት ይንዘረዘራል፣ የሚንዘረዘር ነገር ደግሞ ቦታ ይፈልጋል። ወረቀቷ ጥቂት ሄደችና ጠፍሩ ሥር ስትደርስ ተነከሰች። ጎትቶ ለማውጣት ቀደዳት። ጠፍሩን በአውራ ጣቱ ጫነው። ፀሐይ ላይ ውሎ ድንጋይ ሆኗል። አፈሙዙን አንቆ ወደ ግራ ወጥሮታል።

«አቤኒ» አለ ቀስ ብሎ። «ጥፋተኛው ተገኘ።»

«ማን ነው?»

«ይኼ ቆዳ።»

አቤኒ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። «ወይኔ እውነቱ! ይኼ እኮ ቦራ ነው።»

ቦራ የኦቦ ባይሳ በሬ ነበር። ሚስታቸው በሞተችበት ዓመት፣ ሰው ሁሉ ተስፋ በቆረጠባቸው ጊዜ፣ እሳቸውና ቦራ ናቸው ያን ማሳ አርሰው ልጅ ያስተማሩት። ቦራ ሲሞት ኦቦ ባይሳ በሰው ፊት አለቀሱ። ቆዳውን አልሸጡም። አንዱን ክፍል ጠመንጃው ላይ ሰፉት፤ የቀረው ጓዳ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

አሁን እውነቱ ምን ይበል? «አባባ፣ ያሳተዎት የእጅዎ ሥራ ነው፤ ቦራ ነው» ይበል? ልጅቷን ይቅርታ ጠይቆ መሰናበት ይሻለዋል። ዝም ይበል? እንግዲያው የተቀጠቀጠው አፈሙዝ ጥፋተኛ ሆኖ ይቀራል፤ «ሲለይ ይለያል» የተባለው ነገርም በእሱ ላይ ይለያል። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት።

«እኔ መላ አለኝ» አለች አቤኒ። «ጠፍር ሲደርቅ ነው የሚጠብቀው። ተኩሱ ዕለት ጠዋት እርጥብ ጨርቅ አለብሰዋለሁ፣ ይላላል። አባ አንዴ ይመታሉ፣ ደስ ይላቸዋል፣ ሽማግሌዎችህን ይቀበላሉ። ከሠርጋችን በኋላ ቀስ ብለህ ትነግራቸዋለህ።»

«ይኼ እኮ ውሸት ነው።»

«ውሸት አይደለም፤ ውኃ ነው!»

እውነቱ ሳቀ። ነገሩን ግን አልወደደውም። ቢሆንም የሚወዳት ልጅ እየሳቀች ለምናው እምቢ የሚል ጎበዝ እስካሁን አልተወለደም፤ እሺ አለ።

ፈቃዱ ተገኘ። ሦስት ጥይት፣ ረፋድ ላይ፣ ማሳቸው ላይ ባለው የአፈር ግድግዳ ፊት፤ ከዚያ በፊት ግን ለሕዝቡ ይነገር ተባለ። ኦቦ ኢቲቻ ከሰበታ እስከ ተፍኪ መንገድ እየዞሩ ለፈፉ። ዲኖ ቡራዩ ላለችው እህቱና ሱሉልታ ላለው ወንድሙ ደወለ፤ «ነገ ተኩስ ተሰማ ብለው ቢያወሩላችሁ ኦቦ ባይሳ ናቸው፣ እንዳትዘጉ!» እሱ ራሱ ሱቁን ለሚስቱ ትቶ ሊያይ ወጣ። ጉጉት ንግድን አሸነፈ።

አሮጌ የድስት ክዳን ከአፈሩ ግድግዳ ፊት ተሰቀለ። ኦቦ ባይሳ በደረታቸው ተኝተው አነጣጠሩ። አቤኒ የረጠበውን ጨርቅ ጎኗ ደብቃ ቆማለች። እውነቱ ይጸልይ ወይስ ንስሐ ይግባ አላወቀም።

ጧ!

ክዳኑ ጮኸ። ዲኖ «አላህ!» ብሎ ዘለለ። ኦቦ ባይሳ ተነስተው እንደ ወጣት እየተውረገረጉ «ቦራ! ቦራ ኪያ!» አሉ፤ የእኔ ቦራ ማለታቸው ነው። ጠፍሩን ሳሙት። ከዚያ እውነቱን ትከሻውን ያዙት።

«አፈሙዙ ደህና ነው ብለህ ነበር፤ ልክ ነህ። ሰው ሲያሸንፈኝ እወዳለሁ። ሽማግሌዎችህን ላክ።»

አለቀ! ሆነ! አቤኒ ፊቷ በራ። እውነቱ ሊስቅ ፈለገ፣ ሊያለቅስም ፈለገ። ሰዉ እያጨበጨበ፣ እየሳቀ፣ ኦቦ ኢቲቻን «አሁን ምን ልትል ነው?» እያለ ሲያበሽቅ ቆየ። ጠመንጃው ያን ሁሉ ጊዜ ድንጋይ ላይ ተጋድሞ ፀሐይ ይሞቃል። የታኅሣሥ ፀሐይ ደግሞ ረፋድ ላይ ቀልድ አያውቅም።

«ባይሳ!» አሉ ድንገት ኦቦ ኢቲቻ። «ያውልህ! ወዳጅህ መጣ!»

ያ ወፍራም ከርከሮ በማሳው ግርጌ፣ ማንንም ሳይፈራ ድንች ይቆፍራል። ድፍረቱ! ከእሱ በስተግራ፣ ፈንጠር ብሎ፣ የኦቦ ኢቲቻ ሚስትና ምራታቸው ጎንበስ ብለው ድንች ያወጣሉ። ቀጥ ብሎ ለሚሄድ ጥይት በቂ ርቀት ነው። ኦቦ ባይሳም ይህን ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ አይተው፣ መዝነው ነው ጠመንጃውን ያነሱት። ያላወቁት ነገር ጠፍሩ መድረቁን ነው።

እውነቱ አየው። ጠፍሩ ነጣ ብሏል። ወደ ግራ ነው የሚወጥረው፤ ወደ ሴቶቹ።

ዝም ቢል ሚስት አለው። ምናልባት ጥይቱ ባዶ መሬት ላይ ይወድቅ ይሆናል። ምናልባት!

«አይተኩሱ!» ብሎ ጮኸ። ተወርውሮ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አነሳው። ከርከሮው ቀና ብሎ አያቸውና እንደተለመደው ጭራውን አቁሞ ሄደ።

የሽማግሌ ጠመንጃ ላይ እጅ ማሳረፍ! ዲኖ ፊቱን አዞረ። ኦቦ ባይሳ ጠመንጃውን መልሰው ነጠቁት።

«ምን ሆነህ ነው አንተ ጉርባ፣ አንተ ልጅ?»

«ይቅር ይበሉኝ አባባ። አፈሙዙ ልክ ነው። የእርስዎም ዓይን ልክ ነው። የሚያስተው ጠፍሩ ነው። ሲደርቅ አፈሙዙን ወደ ግራ ይጎትተዋል። ቅድም የመታው ረጥቦ ስለነበር ነው። እኔ ከእሑድ ጀምሮ አውቅ ነበር፤ ልጅዎን እንዳላጣ ብዬ ደበቅሁ።»

«ያረጠብኩት እኔ ነኝ አባ» አለች አቤኒ፣ ጨርቁን አውጥታ። ድምፅዋ የሕፃናት አስተማሪ ድምፅ ሳይሆን የሕፃን ድምፅ ሆኗል።

ኦቦ ባይሳ ተመልሰው በደረታቸው ተኙ፣ ክዳኑን አነጣጠሩ፣ ተኮሱ። ክዳኑ ዝም። ከክዳኑ በስተግራ፣ ክንድ በሚያህል ርቀት ላይ አፈር ቦነነ። ሁሉም አየ። ኦቦ ኢቲቻ ክዳኑን አዩ፣ ከዚያ ሚስታቸውን አዩ፣ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ከርከሮው ቀልደው አያውቁም።

ኦቦ ባይሳ ጠፍሩን ዳበሱት። እሳቸው እኮ ስንት የጠፍር አልጋ የወጠሩ ሰው ናቸው! ጠፍር ሲደርቅ እንደሚጠብቅ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ በዚያ ተራራ ላይ የለም፤ እንዲጠብቅም ብለው ነው ዘፍዝፈው የጠፈሩት። ግን ፍቅር ያለበት ቦታ ላይ ማን ጥፋት ይፈልጋል? ቢላዋቸውን አወጡ። አቤኒ ዓይኗን ጨፈነች። ስፌቱን አንድ በአንድ፣ እንደ ቁስል ፋሻ ቀስ ብለው ፈቱት። ጠመንጃው ራቁቱን ቀረ፤ ጥቁር፣ ተራ፣ ርካሽ የፋብሪካ ጠመንጃ።

አፈሙዙ እስኪበርድ ጠበቁ። ከዚያ የመጨረሻዋን ጥይት አጎረሱት።

ጧ!

ክዳኑ መሃሉ ላይ ተበሳ። ማንም አላጨበጨበም፤ ሰው ሁሉ የሚያየው የኦቦ ባይሳን ፊት ነው።

«እውነቱ» አሉ። «ሽማግሌ ላክ ያልኩህ በመጀመሪያው ጥይት ነበር። ያ ጥይት የውኃ ነው። ስለዚህ ያን ቃሌን አንስቻለሁ።»

እውነቱ አንገቱን ደፋ። ይገባኛል አለ በልቡ። አቤኒ እንባዋ ዱብ አለ።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። አሁን ደግሞ በሦስተኛው ጥይት እነግርሃለሁ። ላክ።»

ኧረ እልልታው! ዲኖ ስልኩን አውጥቶ ነጋዴነቱን ረስቶ በራሱ ካርድ ለዘመድ አዝማዱ ደወለ። ቡራዩ ላይ «ኦቦ ባይሳ ልጃቸውን ዳሩ» ተባለ፤ ሱሉልታ ላይ «ሠርጉ ዛሬ ነው፣ በሬ ተጥሏል» ሆነና የዲኖ ወንድም ልብሱን ቀይሮ መንገድ ገባ። ያን ቀን ሱቅ የዘጋ እሱ ብቻ ነው።

ኦቦ ባይሳ ጫጫታው መሃል ጠፍሩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እየጠቀለሉ ነበር። እውነቱ አጠገባቸው በርከክ አለ።

«ስለ ቦራ ይቅርታ አባባ።»

«ቦራ ምን አጠፋ? ያለቦታው ያዋልኩት እኔ ነኝ። ጠፍር ሲጠብቅ የሚያምረው አልጋ ላይ ነው። የቀረው ቆዳ ጓዳ አለ፤ ከዚህ ጋር ሆኖ ለሁለት ሰው ይበቃል። አንተ ብረቱን ቀጥቅጠህ እግሩን ሥራልኝ፣ እኔ እጠፍራለሁ።» ጥቅሉን እጁ ላይ አኖሩለት። «በል ያዝልኝ፣ ሶዳ።»

ሶዳ በኦሮምኛ አማች ነው። እውነቱ ይህን ቃል አቤኒ ካስተማረችው ቆይቷል፤ ሲጠሩበት ግን የመጀመሪያው ነው።